ለሙከራ የወጣ ሞተር፦ ኃላፊነቱና መድኑ

ሞተር ሳይክል ሊገዛ የመጣ ሰው ነድቶ ሳያየው ገንዘቡን መክፈል አይወድም፤ ሻጩም ሳያስነዳ ለመሸጥ ይቸገራል። ስለዚህ ሽያጩ ሳይፈጸም ሞተሩ ከመሸጫው ወጥቶ የሕዝብ መንገድ ላይ የሚቆይበት አጭር ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ አደጋ ቢደርስ ማን ይከፍላል የሚለውን ጥያቄ በዋናነት የሚመልሱት ሦስት ሕጎች ናቸው፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል እና የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005። ጉዳዩ ከዚህ በታች በሁለት ሰዎች ምልልስ ቀርቧል፤ አንደኛው በሀዋሳ ሞተር የሚሸጥ አንጋፋ ነጋዴ፣ ሁለተኛዋ የመድን ባለሙያ ናቸው።

ነጋዴው፦ ልጄ፣ ከመነሻው እንጀምር። ደንበኛ መጥቶ «አንድ ዙር ነድቼ ልየው» ይላል፤ ሻጭ ቁልፉን ይሰጠዋል። ደንበኛው መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ ተጠያቂው የነዳው ሰው አይደለም እንዴ?

ባለሙያዋ፦ የነዳው ሰው አይቀርለትም፤ ብቻውን ግን አይደለም ጋሼ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤቱ ምንም ጥፋት ባይሠራ፣ የነዳውም ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይነሳለትም። ሕጉ የሚተውለት መውጫ ጉዳቱ በደረሰበት ሰዓት ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ነው። ቁልፉን በገዛ እጁ ያስረከበ ሻጭ ደግሞ ተሰርቄ ነበር ማለት አይችልም።

ነጋዴው፦ ጥፋት የሌለበት ሰው እንዴት ይከፍላል?

ባለሙያዋ፦ ሕጉ የሚያየው ከተጎጂው በኩል ነው። አደገኛ ነገር መንገድ ላይ ያወጣና ከሱም ጥቅም የሚያገኝ ሰው የአደጋውን ወጪ ይሸከም የሚል ሐሳብ አለው። ለሙከራ ማስነዳትም የሽያጭ ሥራ አንዱ ክፍል ስለሆነ ጥቅሙ የሻጩ ነው። የባለቤቱ ዕዳ የሚቀንሰው ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ ምክንያት የሆነ ጥፋት ሲኖርበት ነው፤ ይህም በቁጥር 2086 ተመልክቷል። ከዚህ ሌላ ሻጩ የራሱ ጥፋትም ሊኖርበት ይችላል። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው ወይም ለጠጣ ሰው ቁልፍ ከሰጠ፣ ፍሬኑ የላላ ሞተር ካስነዳ፣ ያን ጊዜ የሚጠየቀው በባለቤትነቱ ብቻ ሳይሆን በቁጥር 2028 መሠረት በጥፋቱም ጭምር ነው።

ነጋዴው፦ የነዳው ደንበኛስ ምን ይደርስበታል?

ባለሙያዋ፦ በጥፋቱ ጉዳት ካደረሰ ለተጎጂው በቀጥታ ይጠየቃል። ቁጥር 2082 ደግሞ ተሽከርካሪን ለግል ጥቅሙ በእጁ ያደረገ ሰው በእጁ ባለበት ጊዜ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የሚያከራክረው የሙከራ ነጂ በዚህ አባባል ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ሻጩ ከኋላው በሌላ ሞተር እየተከተለው ከመሸጫው እስከ ሐይቅ ዳር ደርሶ ለሚመለስ ሰው ሞተሩ በእርግጥ በእጁ ገብቷል ለማለት ያስቸግራል። «ሦስት ቀን ውሰደውና ተመልከተው» ተብሎ ይዞት ቱላ ለሚመላለስ ሰው ግን ሞተሩ በእጁ ነው ማለት ይቀላል። ጊዜው በረዘመና የሻጩ ቁጥጥር በላላ መጠን ነጂው ወደ ኃላፊነት ይቀርባል። ያም ሆኖ በባለቤቱ ላይ ያለው የተጎጂው መብት አይጠፋም። ባለቤቱ የከፈለውን ጥፋተኛ ከሆነው ነጂ ማስመለስ ይችላል፤ የማስመለሱ ክርክር ግን የሁለቱ ብቻ ነው፤ ተጎጂው እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ነጋዴው፦ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ሞተር በአደራ ይቀመጣል፤ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው። እዚያ ላይስ ባለቤት የሚባለው ማን ነው?

ባለሙያዋ፦ ተጎጂ መጀመሪያ የሚያገኘው ስም ሊብሬው ላይ የተጻፈው ነው፤ ስለዚህ ሞተሩን ለሽያጭ አስቀምጦ የሄደው ሰው ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። በአደራ የተቀበለው ነጋዴም ሞተሩን ለጥቅሙ በእጁ ስላደረገ በ2082 በኩል ይመጣል። አደራ ተቀባይና አደራ ሰጪ «ለሙከራ ማስነዳት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? በማን መድን?» የሚለውን አስቀድመው በጽሑፍ ካልተስማሙ አደጋ ሲደርስ ሁለቱም ጣት ይጠቋቆማሉ። አዲስ ከሆነና ከአስመጪ በወኪልነት የመጣ ከሆነም ያው ነው፤ ባለቤትነቱ ከአስመጪው ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለው በዴክላራሲዮኑ፣ በደረሰኙና በውሉ ይታያል።

ነጋዴው፦ እሺ፣ ወደ መድኑ እንምጣ። ሦስተኛ ወገን ካለ አይበቃም?

ባለሙያዋ፦ ያለሱ ጨርሶ መንቀሳቀስ አይቻልም፤ እሱ ብቻውን ግን አይበቃም። አዋጁ ጸንቶ የሚቆይ የሦስተኛ ወገን መድን የሌለውን ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መንዳትን ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው እንዲነዳው መፍቀድንም ይከለክላል። ስለዚህ መድን የሌለው ሞተር ለሙከራ ሲወጣ ነጂውም ቁልፍ ሰጪውም ሕግ ጥሰዋል። ገና ያልተመዘገበ አዲስ ሞተር በተላላፊ ሰሌዳ ሲንቀሳቀስም ሰሌዳው መድን አይተካም፤ የመድን ምስክር ወረቀቱ ለዚያ ሻሲና ሞተር ቁጥር የተሰጠ መሆን አለበት። ከመሸጫው ሞተሮች የአንዱን ወረቀት ለሌላው መጠቀም ዋጋ የለውም።

ነጋዴው፦ በመሸጫው ግቢ ውስጥ ብቻ ቢነዳስ?

ባለሙያዋ፦ የአዋጁ ግዴታ የተያያዘው ከመንገድ ጋር ነው። ግቢ ውስጥ የሚደርስ ጉዳት ግን ከ2081 አያመልጥም። በግቢው ያለ ሌላ ደንበኛ ቢገጭ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ልዩነቱ የግዴታው መድን ላይደርስለት መቻሉ ነው።

ነጋዴው፦ የሦስተኛ ወገን መድኑ ምን ያህል ይከፍላል?

ባለሙያዋ፦ የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ የተቀመጠው ጣሪያ ይህ ነበር፦ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና እስከ 2,000 ብር። ጣሪያው ሲሻሻል ቁጥሩ ይለወጣል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። አንድ የሙከራ ነጂ መንገደኛ ገጭቶ ፍርድ ቤት የ300,000 ብር የአካል ጉዳት ካሳ ቢወስን፣ በዚያ ሰንጠረዥ መድን ሰጪው የሚከፍለው 40,000 ብር ነው። ቀሪው 260,000 ብር በባለቤቱና በጥፋተኛው ነጂ ላይ ይቀራል። ጣሪያው የመድን ሰጪውን ክፍያ ይገድባል እንጂ የባለቤቱን ዕዳ አይገድብም። ይህን ክፍተት የሚሸፍነው ከግዴታው በላይ በፈቃድ የሚገባ የተጨማሪ ኃላፊነት ሽፋን ነው።

ነጋዴው፦ ሞተሩ መድን ሳይኖረው ጉዳት ቢያደርስ ተጎጂው ባዶ እጁን ይቀራል?

ባለሙያዋ፦ አይቀርም። መድን በሌለው ተሽከርካሪ ወይም ገጭቶ ባመለጠ ያልታወቀ ተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው ከመድን ፈንድ ይካሳል። ፈንዱን ቀድሞ የመድን ፈንድ አስተዳደር ኤጀንሲ ይመራው ነበር፤ አሁን ሥራው በመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሥር ነው። ፈንዱ የከፈለውን መድን ካልገባው ባለቤት ላይ ያስመልሳል፤ ስለዚህ ፈንድ አለ ብሎ መድን መተው ዕዳውን ማዘግየት ነው እንጂ መቀነስ አይደለም። የጤና ተቋማትም በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዲሰጡ በአዋጁ ግዴታ አለባቸው።

ነጋዴው፦ በዚህ ከተማ በብዛት የሚያጋጥመው ከባጃጅ ጋር መጋጨት ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ጥግ ይይዛል፤ ሞተሩ ከኋላ ይመጣል። ማን ለማን ይከፍላል?

ባለሙያዋ፦ ለሁለት ተሽከርካሪዎች ግጭት ቁጥር 2084 ልዩ ደንብ አለው። ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፤ እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። የሞተሩ ጉዳት 80,000 ብር፣ የባጃጁ 60,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 140,000 ብር ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ 70,000 ብር ይሆናል። የሞተሩ ባለቤት በራሱ ንብረት ላይ 80,000 ብር ስለጎደለበት የባጃጁ ባለቤት 10,000 ብር ይሰጠዋል ማለት ነው። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ነጂ ጥፋት የደረሰ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ለዚህ ነው የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የአደጋው ፕላን ትልቅ ክብደት ያላቸው፤ ፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ተሽከርካሪዎቹን አንስቶ «እንስማማ» ማለት ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው።

ነጋዴው፦ የሞተሩን የራሱን ጉዳትስ የትኛው መድን ይከፍላል?

ባለሙያዋ፦ ሦስተኛ ወገን ለመድን ገቢው ንብረት አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ለሱ የሚያስፈልገው ሙሉ መድን ነው። ሙሉ መድን ላይ ሦስት ነገር ይመረመራል። አንደኛው የነጂዎች አንቀጽ ነው፤ ፖሊሲው በመድን ገቢው ፈቃድ የሚነዳን ማንኛውንም ሰው ይሸፍናል ወይስ በስም የተጠቀሱትን ብቻ? ሰፊው ዓይነት ፖሊሲም ቢሆን ነጂው ለሞተር ሳይክል ምድብ የጸና መንጃ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ሁለተኛው የአገልግሎት አንቀጽ ነው። ሞተሩ «ለግል አገልግሎት» ተብሎ መድን ተገብቶለት በየቀኑ ለደንበኞች ሙከራ የሚወጣ ከሆነ፣ መድን ሰጪው ያልተነገረኝ አገልግሎት ነው ብሎ ይከራከራል። የንግድ ሕጉ መድን ገቢ ውል ሲገባ አደጋውን ለመመዘን የሚያስፈልገውን ሁሉ በትክክል እንዲናገር በቁጥር 667 ያስገድደዋል፤ ስለዚህ «ለደንበኛ ሙከራ» የሚለው ቃል ፖሊሲው ላይ መጻፍ አለበት። ሦስተኛው ኤክሰስ የሚባለው ነው፤ ከእያንዳንዱ ጉዳት የመጀመሪያውን የተወሰነ ገንዘብ መድን ገቢው ራሱ ይሸከማል። ሞተር በቀላሉ ስለሚወድቅ መስታወት፣ ፍሬቻና ማርሽ መርገጫ ዘወትር ይሰበራሉ፤ እንዲህ ያለው ጥቃቅን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከኤክሰሱ በታች ስለሚሆን በሻጩ ላይ ይወድቃል።

ነጋዴው፦ መድን ሰጪው ለሻጩ ከከፈለ የነዳው ሰው ነፃ ወጣ ማለት ነው?

ባለሙያዋ፦ ብዙ ደንበኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የንግድ ሕግ ቁጥር 683 ካሳ የከፈለ መድን ሰጪ በመድን ገቢው ቦታ ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሦስተኛ ሰው እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ሕጉ ከዚህ የሚያወጣቸው እንደ መድን ገቢው ቤተሰብና ሠራተኛ ያሉትን ነው፤ ለሙከራ የመጣ ደንበኛ ከነሱ አይቆጠርም። ስለዚህ ፖሊሲው የሙከራ ነጂን እንደ ተፈቀደ ነጂ ካልሸፈነው፣ መድን ሰጪው ዛሬ ለሻጩ ከፍሎ ነገ በደንበኛው ላይ ክስ ሊመሠርት ይችላል። ደንበኛ «ኢንሹራንስ አለው» መባሉን ብቻ ሰምቶ መነሳት የለበትም፤ «እኔን ይሸፍናል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ነጋዴው፦ ነጂው ራሱ ወድቆ እግሩ ቢሰበርስ?

ባለሙያዋ፦ ነጂው ለሚነዳው ሞተር ሦስተኛ ወገን አይደለም፤ ስለዚህ ከግዴታው መድን ካሳ አይጠብቅ። የሚረዳው የግል አደጋ መድን ነው፤ ሻጭ በሙሉ መድኑ ላይ ለነጂ የግል አደጋ ሽፋን ሊያስጨምር ይችላል። የወደቀው በራሱ ጥፋት ከሆነ ሻጩን የሚጠይቅበት ምክንያት ጠባብ ነው። ፍሬኑ ስላልያዘ ወይም ጎማው በትክክል ስላልታሰረ ከሆነ ግን ሻጩ በጥፋቱ ይጠየቃል። ችግሩ ከፋብሪካው የመጣ ጉድለት ከሆነ ቁጥር 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ፋብሪካው ሕንድ ወይም ቻይና ስለሆነ ግን ተጎጂ በተግባር ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሻጩና ወደ አስመጪው ነው። ሻጩ ሞተሩን ለሙከራ ከማውጣቱ በፊት ፈትሾ መዝግቦ መያዙ እዚህ ላይ ይጠቅመዋል።

ነጋዴው፦ የመሸጫው ሠራተኛ ከደንበኛው ጋር አብሮ ቢሄድና ቢጎዳስ?

ባለሙያዋ፦ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነውና በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይታያል፤ አሠሪው ለሠራተኞቹ የተለየ መድን ቢይዝ ይመረጣል። ከጥንቃቄ አንፃር ግን ከማያውቁት ነጂ ኋላ ከመፈናጠጥ በሌላ ሞተር መከተል ይሻላል። ለሁለቱም ሄልሜት ግዴታ ነው፤ መሸጫው ራሱ በልክ በልኩ ማስቀመጥ አለበት። ሄልሜት ሳያደርግ የተጎዳ ሰው የራሱ ጥፋት ተቆጥሮ ካሳው ሊቀነስበት ይችላል።

ነጋዴው፦ አንዳንድ መሸጫ «ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱ የኔ ነው» የሚል ወረቀት ያስፈርማል። ይህ አይበቃም?

ባለሙያዋ፦ ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ነው፤ ቁጥር 1952 ይህን መርህ ይዟል። መንገድ ላይ የተገጨው ሰው ወረቀቱን አልፈረመም፤ ስለዚህ በባለቤቱ ላይ ያለው መብት አይነካም። ወረቀቱ የሚጠቅመው በሻጭና በደንበኛ መካከል ነው፦ ማን ኤክሰሱን እንደሚከፍል፣ እስከ የት እንደሚነዳ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመልስ፣ ሞተሩ ሲወጣ ምን ጭረት እንደነበረበት ይወስናል። «ሁሉም የኔ ነው» ከሚል ጥቅል አረፍተ ነገር ይልቅ እነዚህን አንድ በአንድ የጻፈ ግማሽ ገጽ በክርክር ጊዜ ይሻላል። ወረቀቱ ሻጩን ከራሱ ጥፋት ያነጻዋል ብሎ መተማመን ግን አያዋጣም፤ የላላ ፍሬን በፊርማ አይጠብቅም።

ነጋዴው፦ መታወቂያ ወይም ገንዘብ ማስያዙስ?

ባለሙያዋ፦ መያዣው የኤክሰሱን ያህል ቢሆን ተገቢ ነው። መታወቂያ መያዝ ግን ሞተሩን አያስመልስም። ደንበኛው ሞተሩን ይዞ ቢቀር ነገሩ በወንጀል ሕጉ ከስርቆት ይልቅ ወደ እምነት ማጉደል ያዘነብላል፤ ምክንያቱም ሞተሩን የሰጠው ባለቤቱ ነው። ይህ ልዩነት ሁለት ቦታ ይጎዳል። ብዙ የመድን ፖሊሲ ስርቆትን ሸፍኖ በአደራ የተሰጠው ሰው የሚያጎድለውን ያስቀራል። ደግሞም ያ ሰው ሻሸመኔ መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ ባለቤቱ «ተሰርቆብኝ ነበር» የሚለው መከራከሪያ ይከብደዋል።

ነጋዴው፦ በሌላው ዓለም እንዴት ነው የሚሠሩት?

ባለሙያዋ፦ በብሪታንያ የተሽከርካሪ ነጋዴዎች በነጭ መደብ ላይ በቀይ ፊደል የተጻፈ የንግድ ሰሌዳ አላቸው፤ ከአንዱ ተሽከርካሪ ወደ ሌላው እያዛወሩ ለሙከራ ያወጡበታል። ከሱ ጋር ለነጋዴዎች ብቻ የተዘጋጀ መድን ይይዛሉ፤ መድኑ የተያያዘው ከአንድ ሻሲ ቁጥር ጋር ሳይሆን ከንግዱ ጋር ነው። በአሜሪካ መሸጫዎች የሞተር ሳይክል ፈቃድ አይተው፣ የኃላፊነት ወረቀት አስፈርመው ያስነዳሉ፤ ሙከራን ጨርሶ የማይፈቅዱም አሉ። ከሁለቱም የሚወሰደው ትምህርት የሙከራ ሞተር እንደ ተራ የግል ሞተር መድን እንደማይገባለት ነው። ብዙ ሞተር ላለው መሸጫ ቀላሉ መንገድ ከየዓይነቱ አንዱን ለሙከራ ለይቶ፣ በስሙ አስመዝግቦ፣ ሰሌዳና ቦሎ አሟልቶ፣ ሙሉ መድን መግባት ነው። ሌሎቹ ከመሸጫው አይወጡም።

ነጋዴው፦ እንግዲህ ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት ምን በምን ቅደም ተከተል ይታይ?

ባለሙያዋ፦ መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱ፦ የጸና መሆኑ፣ የሞተር ሳይክል ምድብ መሆኑ፣ ፎቶው ከሰውየው ጋር መመሳሰሉ ይታያል፤ ቅጂ ይቀራል። ቀጥሎ የሞተሩ ወረቀት፦ ሰሌዳ፣ ቦሎ፣ የመድን ምስክር ወረቀቱ ቀን። ከዚያ ሞተሩ ራሱ፦ የፊትና የኋላ ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ጥሩምባ። ከዚያ ስምምነቱ ተጽፎ ይፈረማል፤ ጭረቶቹ በስልክ ፎቶ ይነሳሉ። መንገዱም አስቀድሞ ይወሰናል። ባጃጅና ሰው የሚበዛበትን የመናኸሪያ አካባቢ ትቶ ሰፋ ባለ አስፋልት ደርሶ መመለስ ለማርሽም ለፍሬንም በቂ ሙከራ ነው። በመጨረሻ ሄልሜት፣ ከዚያ ቁልፍ።

ነጋዴው፦ ይህ ሁሉ ተደርጎም አደጋ ቢደርስ?

ባለሙያዋ፦ የተጎዳ ሰው ካለ ከሁሉ በፊት ሕክምና ይደረግለታል። ለትራፊክ ፖሊስ ይነገራል፤ ፕላን እስኪነሳ ሞተሩ ከቦታው አይነሳም። ነጂውም ሻጩም ኃላፊነት ወስደው ገንዘብ ለመክፈል ቃል አይገቡም፤ ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ የተገባ ቃል ሽፋኑን ሊያሳጣ ይችላል። መድን ሰጪው ፖሊሲው ባስቀመጠው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ እንዲያውቀው ይደረጋል፤ የፖሊስ ሪፖርት፣ የመንጃ ፈቃዱ ቅጂና የተፈረመው ስምምነት ይያያዛሉ። ሰው ከሞተ ወይም ከቆሰለ ነጂው በወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 ወይም 559 በቸልተኝነት ሊከሰስ ይችላል፤ ያንን ቅጣት የትኛውም መድን አይከፍልም፤ በገንዘብ የሚሸፈነው ካሳው ብቻ ነው።

ነጋዴው፦ ክሱ እስከ መቼ ሊመጣ ይችላል?

ባለሙያዋ፦ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ጥያቄ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄም በንግድ ሕግ ቁጥር 674 ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ መሸጫው የእያንዳንዱን ሙከራ ስምምነት፣ የመንጃ ፈቃድ ቅጂና ፎቶ ሞተሩ በሰላም ቢመለስም ቢያንስ ሁለት ዓመት ያህል አደራጅቶ ማቆየት አለበት፤ አደጋ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ የመጨረሻ ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ።